የቡፌና የዱላብ መብራት፦ ማብሪያ ማጥፊያው የት ይግባ?

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኤሌክትሪክ ነው። «እኛና ኤሌክትሪክ ምን አገናኘን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ግን አስቡት፤ ከእንቅልፋችን ተነስተን እስክንተኛ ድረስ የምንውለው ከካህረባ ጋር ነው። ልብስ ማጠቢያው፣ መክነሳው፣ ካውያው፣ ምድጃው ሁሉ በኮረንቲ ነው የሚሠራው። ከእነዚህ ሁሉ መሐል አብዛኞቻችን በየቀኑ እየጠረግነው፣ ምን እንደሆነ ግን ጠይቀን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። እሱም በመጅሊሱ ቡፌ፣ በማዳም ዱላብ ውስጥና በኩሽናው ቁምሳጥን ሥር የሚበራው ትንሹ መብራት ነው።

እኔ ኤሌትሪሺያን አይደለሁም። አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ስንማር ቮልት፣ አምፔርና ዋት የሚባሉትን የሸመደድናቸው ለፈተና ነበር። እዚህ መንፉሐ ግን በሙያው የሚሠራ አንድ ወንድማችን በሁለት ዓርብ ጣውላ ላይ እየሠራ አሳየን። እኛም ተራ በተራ በእጃችን ሞከርነው። የማካፍላችሁ ያንን ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለ? ስለዚህ መጀመሪያ እናንብበው፣ ከዚያ በኋላ እጃችንን እናስገባለን።

ከትምህርቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትቀሩ ይበቃኛል፦ ድንበሩ ሙሐወሉ ነው። ከሙሐወሉ ወዲህ ያለውን ማንኛችንም ተምረን ልንሠራው እንችላለን። ከሙሐወሉ ወዲያ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። ለምን እንደሆነ ቀጥለን እናያለን።

1. በቅድሚያ ቃላቱን እንወቅ

ማዳም የምትለውን ሳይረዱ ኤሌክትሪክ መንካት አደጋ ስለሆነ፣ እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ገልብጡ።

ካህረባ፦ ኤሌክትሪክ ወይም መብራት። ካህረባኢ ማለት ደግሞ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው።

ሙሐወል፦ ትልቁን ቮልት ወደ ትንሽ የሚቀይረው ሣጥን። አዳፕተር ወይም ትራንስፎርመር የምንለው ነው።

ሲልክ፦ ሽቦ። «ጂቢ ሲልክ» ስትባሉ ሞባይል ይዛችሁ እንዳትሄዱ! ነገሩ ግን ዝምድና አለው። የኛ «ስልክ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ከአረብኛው ሽቦ ነው፤ ድሮ ቴሌፎን በሽቦ ነበራ።

ሙጀብና ሳሊብ፦ ፖዘቲቭ (+) እና ኔጋቲቭ (−)።

ሸግሊ፣ ጠፊ፦ አብሪ፣ አጥፊ። «ጠፊ» ስትባሉ አትደንግጡ፣ ጥፊ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ፤ መብራቱን አጥፊ ማለቷ ነው።

ጠብሎን፦ የቤቱ ብሬከሮች የተደረደሩበት ሣጥን። በምትሠሩበት ቤት የት እንዳለ ዛሬውኑ አይታችሁ ያዙ።

ኸጠር፦ አደጋ።

2. ትንሹ መብራት ምንድን ነው?

በዕቃ ውስጥ የሚገባው መብራት ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው የቆየው ሃሎጅን ነው። ሁለት ቀጫጭን እግር ያላት ትንሽ አምፖል ናት። አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት ትሠራለች፣ 10 ወይም 20 ዋት ትበላለች። ስትበራ በጣም ትግላለች። ሲጠርጉ ጣት ያቃጠላት እህት ካለች ያቃጠላት ኮረንቲው ሳይሆን ሙቀቱ ነው። አጥፍታችሁ እስክትበርድ ሳትጠብቁ አትንኳት። መስታወቷንም በባዶ ጣት አትያዙ፤ የእጅ ቅባት ከሙቀቱ ጋር ሆኖ ዕድሜዋን ያሳጥረዋል።

ሁለተኛው ኤል ኢ ዲ ነው። አሁን በብዛት የምናየው እንደ ሪባን የተጠቀለለው፣ በላዩ ላይ ትንንሽ ብጫ ነጠብጣብ የተደረደሩበት ነው። ሱቅ ውስጥ «ሸሪጥ ሊድ» ይሉታል። ብዙ ጊዜ የ12 ወይም የ24 ቮልት ነው፤ ጥቅሉም አብዛኛውን ጊዜ 5 ሜትር ነው። ነጭ ብርሃን የሚሰጠው ኤል ኢ ዲ የተገኘው ሰማያዊው ኤል ኢ ዲ ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። ለዚያ ሥራ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የሚባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በትንሽ ዋት ብዙ ያበራል፣ እንደ ሃሎጅንም አይግልም።

3. ድንበሩ ለምን ሙሐወሉ ሆነ?

መንገዱን ከግድግዳው ጀምረን እንከተል። ግድግዳው ላይ ሶኬት አለ። ከሶኬቱ ስፒና፣ ከስፒናው ገመድ፣ ከገመዱ ሙሐወል፣ ከሙሐወሉ ቀጭን ሽቦ፣ ከሽቦው መብራቱ። ማብሪያ ማጥፊያው ከዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ይቀመጣል።

ከግድግዳው እስከ ሙሐወሉ ያለው 220 ቮልት ነው። ሰው ይገድላል። ከሙሐወሉ እስከ መብራቱ ያለው 12 ቮልት ነው። በደረቅ እጅ ብትነኩት አብዛኛውን ጊዜ እንኳን ሊይዛችሁ አይሰማችሁም። ልዩነቱ ምንድን ነው? በሰውነታችን ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ የሚወሰነው በሚገፋው ቮልትና ሰውነታችን በሚከለክለው መጠን ነው። ቮልቱ ሲበዛ የሚያልፈው ይበዛል። እጃችን ሲረጥብ ደግሞ ቆዳችን የሚከለክለው መጠን በጣም ይቀንሳል። የኛ እጅ ከጠዋት እስከ ማታ እርጥብ ነው። ለዚህ ነው ለሌላ ሰው «ንዝረት» ብቻ የሆነው ለእኛ ሞት ሊሆን የሚችለው።

ታዲያ 12 ቮልት ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። አይይዝም እንጂ ያቃጥላል። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ እርስ በርሳቸው ከተነካኩ (ሾርት ካደረጉ) ብዙ አምፔር በአንዴ ይሮጥና ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የዱላብ መብራት ደግሞ ከልብስና ከእንጨት መሐል ነው ያለው። ስለዚህ ከድንበሩ ወዲህም ጥንቃቄ አለ፤ የጥንቃቄው ዓይነት ነው የሚለየው።

ስለ ሪያድ አንድ ልዩ ነገር እንጨምር። በቆዩ ሕንፃዎች፣ እንደኛው እንደ መንፉሐ ባሉ የድሮ ሠፈሮች፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሶኬት ታገኛላችሁ። አንዱ «110» የሚባለው ነው፤ ትክክለኛ መጠኑ 127 ቮልት ነው። ሌላው 220 ነው። የሳዑዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 አገሩን ቀስ በቀስ ወደ 230 ቮልት ለመቀየር ወስኗል፤ የቆየው መስመር ግን በአንድ ቀን አይጠፋም። ስለዚህ ሙሐወሉን ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። «ኢንፑት 100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ በሁለቱም ይሠራል። አገራችን የሚሠራው በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ይኸው ሙሐወል እዚያም ያገለግላል። «110» ብቻ የሚል ከሆነ ግን 220 ላይ ስትሰኩት ይቃጠላል።

4. ማብሪያ ማጥፊያው የት ይግባ?

የዛሬው ዋና ጥያቄ ይኼ ነው። ሦስት ምርጫ አለ።

ሀ. ከድንበሩ ወዲያ፣ በ220 በኩል። ማጥፊያው ግድግዳው ላይ ወይም በስፒናውና በሙሐወሉ መካከል ይሆናል። ጥቅሙ፣ ሲጠፋ ሙሐወሉም አብሮ መጥፋቱ ነው። ነገር ግን ማጥፊያው ለ220-250 ቮልት የተሠራ መሆን አለበት፣ የሚቆርጠውም ፌዙን መሆን አለበት። ፌዝ ማለት ኮረንቲውን ይዞ የሚመጣው ሽቦ ነው። ባለማወቅ ኒውትራሉን ከቆረጠ መብራቱ ይጠፋል፣ ፌዙ ግን እስከ ሙሐወሉ ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኛም «ጠፍቷል» ብለን እጃችንን እንሰዳለን። ለዚህ ነው ይኼ የካህረባኢ ሥራ ነው የምንለው።

ሽቦ ሳይከፍቱ ይኼን ጥቅም የሚያገኙበት ቀላል መንገድ አለ። ቁልፍ ያለው ማከፋፈያ ከሱቅ ገዝቶ ሙሐወሉን እሱ ላይ መሰካት ነው። ተሠርቶ የመጣ ስለሆነ ምንም የሚቆረጥ ሽቦ የለውም።

ለ. ከድንበሩ ወዲህ፣ በ12 በኩል። ትንሽ ማጥፊያ በሙሐወሉና በመብራቱ መካከል ይገባል። ጥቅሙ፣ የምንነካው ሁሉ 12 ቮልት መሆኑ ነው። ጉድለቱ፣ መብራቱ ቢጠፋም ሙሐወሉ ሁልጊዜ ኮረንቲ እንዳለበት መቆየቱ ነው። ለምሳሌ ሙሐወሉ ባዶውን ግማሽ ዋት ቢበላ፣ በዓመት 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለክፍያው ትንሽ ነው። ለጥንቃቄው ግን ትልቅ ነገር ነው፦ በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ «መብራቱ ጠፍቷል» ማለት «ኮረንቲ የለም» ማለት አይደለም።

ሐ. የበር ማጥፊያ። ይኼም ከድንበሩ ወዲህ ነው። የፍሪጅ በር ስንከፍት የሚበራውን አስታውሱ። በር ሲዘጋ አንዲት ቁልፍ ትጫናለች፣ መብራቱም ይጠፋል፤ በሩ ሲከፈት ቁልፏ ትወጣለች፣ ይበራል። ስትገዙ «ሲጫኑት የሚያጠፋ» መሆኑን ጠይቁ። ሲጫኑት የሚያበራ ዓይነትም አለና፣ እሱን ካስገባችሁ ዱላቡ ተዘግቶ ውስጡ ሲበራ ያድራል። ሰው ሲቀርብ ራሱ የሚያበራም አለ፤ አሠራሩ ከዚሁ አይርቅም።

ስለ ማጥፊያው አንድ ምክር። የግድግዳው ኮረንቲ እዚህ አገር በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል። ሲመላለስ በሴኮንድ 120 ጊዜ ዜሮ ላይ ያልፋል፤ ማጥፊያው ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ ቶሎ የሚጠፋው በዚህ ነው። የኤል ኢ ዲ ሙሐወል የሚሰጠው ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ፣ እንደ ባትሪ ያለ ኮረንቲ ነው። ዜሮ ላይ አያልፍም፤ ብልጭታው ይቆያል፣ የማጥፊያውን ጥርስም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስለዚህ ለ12 ቮልት መብራት ተብሎ የተሠራ ማጥፊያ ግዙ፤ አምፔሩም ከሚያስፈልገው እጥፍ ቢሆን ይመረጣል።

5. ስሌቱ

አትፍሩ፣ ማባዛት፣ መደመርና ማካፈል ብቻ ነው። ሕጉ ይኼ ነው፦ ዋትን ለቮልት ብናካፍል አምፔር እናገኛለን።

ሦስት መደርደሪያ ያለው ቡፌ አለን እንበል። እያንዳንዱ መደርደሪያ 80 ሳንቲሜትር ነው። በጠቅላላ 2 ሜትር ከ40 ሪባን ያስፈልገናል። የሪባኑ ካርቶን ላይ «በሜትር 4.8 ዋት» ይላል።

2.4 × 4.8 = 11.5 ዋት ገደማ።
11.5 ÷ 12 = 1 አምፔር ገደማ።

ሙሐወሉ እስከ አፉ ድረስ መጫን ስለሌለበት ሩቡን ጨምሩበት፦ 1.2 አምፔር ገደማ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ከዚህ ከፍ የሚለውን፣ 1.5 ወይም 2 አምፔር፣ 12 ቮልት ሙሐወል እንገዛለን።

ብርቱው ሪባን «በሜትር 14.4 ዋት» የሚለው ቢሆንስ? 2.4 × 14.4 = 34.6 ዋት ገደማ። ለ12 ስናካፍለው 2.9 አምፔር፣ ሩብ ስንጨምርበት 3.6 አምፔር። ስለዚህ 4 ወይም 5 አምፔር ያስፈልጋል። ሪባኑ በዓይን ተመሳሳይ ነው፤ ሙሐወሉ ግን በሦስት እጥፍ ይለያያል። ካርቶኑን ሳታነቡ አትግዙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገረውን ልብ በሉ። የሙሐወሉ አምፔር ቢበዛ አይጎዳም፤ መብራቱ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚወስደው። የሙሐወሉ ቮልት ቢበዛ ግን ሪባኑ ይቃጠላል። አምፔር እንደ በርሚል ውኃ ነው፤ በርሚሉ ትልቅ ስለሆነ ብርጭቋችሁ አይፈስም። ቮልት እንደ ቧንቧ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲበዛ ብርጭቆው ከእጅ ይወድቃል።

6. በጣውላ ላይ እንሥራው

በሰው ዕቃ ላይ አትጀምሩ። ዓርብ ስንገናኝ በአንድ ቁራጭ ጣውላ ላይ እንለማመድ። የሚያስፈልገን፦ 12 ቮልት ሙሐወል፣ ግማሽ ሜትር ሪባን ከፋብሪካው ሽቦ ተያይዞለት፣ ትንሽ ማጥፊያ፣ ባለ ብሎን ማገናኛ (ሞርሴቶ)፣ ቀይና ጥቁር ቀጭን ሽቦ፣ ካቻቢቴ፣ መቀስና ናስትሮ። ሽቦው 0.5 ወይም 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ለዚህ ይበቃል። ባጥሐ ያሉት የኤሌክትሪክ ሱቆች ሁሉንም ይይዛሉ።

አንደኛ፦ ሙሐወሉ ከግድግዳው ይነቀል። ሥራው እስኪያልቅ ማንም እንዳይሰካው ለሰው ንገሩ።

ሁለተኛ፦ ሪባኑ መቆረጥ ካለበት በተሰመረበት ቦታ ብቻ ቁረጡ። የመዳብ ነጥቦችና ብዙ ጊዜ የመቀስ ምልክት አለው። በ12 ቮልቱ ሪባን ላይ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በየሦስት መብራቱ ነው። ከመሐል ከቆረጣችሁት ያቺ ቁራጭ አትበራም።

ሦስተኛ፦ + እና − ለዩ። ሪባኑ ላይም ሙሐወሉ ማገናኛ ላይም ተጽፏል። ቀይ ለ +፣ ጥቁር ለ − ይሁን። በሁሉም ቦታ ይኼን ብትጠብቁ ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተው አይደናገርም።

አራተኛ፦ ጥቁሩ ሽቦ ከሙሐወሉ − ተነስቶ ምንም ሳያቋርጠው በቀጥታ ሪባኑ − ላይ ይግባ። ቀዩ ግን መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ከሙሐወሉ + የመጣው ወደ ማጥፊያው አንድ እግር፣ ከማጥፊያው ሌላ እግር የወጣው ወደ ሪባኑ + ይሄዳል። ማጥፊያ ማለት በአንድ መንገድ ላይ የተሠራ ድልድይ ነው፤ ሲነሳ መንገዱ ይቋረጣል፣ ሲወርድ ይገናኛል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ቀዩንና ጥቁሩን በማጥፊያው ሁለት እግር ላይ ካሰራችሁ ግን ማጥፊያውን ስትጫኑ ሾርት ይሆናል፤ ከሁሉም ተጠንቅቃችሁ እዩት።

አምስተኛ፦ የሽቦውን ልባስ 6 ሚሊሜትር ያህል ላጡ። የመዳቡን ክሮች አጠማዝዙ፣ ብሎኑ ሥር አስገብታችሁ አጥብቁ። ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ከወጣ አልጠበቀም። ወደ ውጭ የቀረች አንዲት የመዳብ ክር እንኳን እንዳትኖር፤ ሾርት የምታደርገው እሷ ናት።

ስድስተኛ፦ ሌላ ሰው ሥራውን ይይላችሁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ነው። ከዚያ ሰክታችሁ አብሩ።

ሰባተኛ፦ አሥር ደቂቃ አብርታችሁ ቆዩና ሙሐወሉን በደረቅ የእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ንቀሉት፤ ስሌቱ ተሳስቷል ወይም ሙሐወሉ የማይረባ ነው። ሪባኑን እንደተጠቀለለ ለረጅም ጊዜ አታብሩ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ሦስቱ መደርደሪያ ላይ ሲሆን ደግሞ፣ የሦስቱ ሪባን + በአንድ፣ የሦስቱ − በአንድ ይሰበሰቡ። እንዲህ ሲሆን ሁሉም እኩል 12 ቮልት ያገኛሉ። ማጥፊያው ከመሰብሰቢያው በፊት ከሆነ ሦስቱንም አንድ ላይ ያበራል።

7. ባይበራስ?

ከግድግዳው ጀምራችሁ ወደ መብራቱ ሂዱ እንጂ አትዝለሉ።

ሶኬቱ ይሠራል? ሻሕን ሰክታችሁ ሞክሩ። ሙሐወሉ ላይ ትንሽ መብራት ካለች በርታለች? ከበራችና ሪባኑ ካልበራ + እና − ተገላብጠው ይሆናል፤ ነቅላችሁ አገላብጡት። ኤል ኢ ዲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው።

መጀመሪያው ደምቆ መጨረሻው ከደበዘዘ፣ ሪባኑ ረዝሟል ወይም ሽቦው ቀጥኗል። በመንገድ ላይ ቮልቱ እየደከመ ይሄዳል።

ብልጭ ድርግም ካለ ብሎን ላልቷል ወይም ሙሐወሉ አይችለውም። ሌላም ምክንያት አለ፦ የቆየውን ሃሎጅን አውጥተው ኤል ኢ ዲ ሲያስገቡ የድሮው ሙሐወል አይስማማው ይሆናል። አንዳንዱ ሙሐወል 20 ዋት ያህል ካልተጫነበት በደንብ አይሠራም፤ የአዲሷ አምፖል 2 ዋት አትበቃውም። እንዲህ ሲሆን «ሠራተኛዋ አበላሸችው» ከመባሉ በፊት ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል።

8. ስናጸዳ

እህቶች፣ ሌላውን ብትረሱ ይኼን አትርሱ። ቡፌና ዱላብ ስትጠርጉ በማጥፊያው አትመኑ፣ ከግድግዳው ንቀሉ። ስፒናውን ይዛችሁ ንቀሉ እንጂ ገመዱን አትጎትቱ። መርጫውን በቀጥታ ወደ መብራቱ አትርጩ፤ ክሎሮክስም ሆነ የመስታወት ማጽጃ ጨርቁ ላይ ነው የሚረጨው። ሪባኑን በደረቅ ጨርቅ ብቻ እበሱ። ሙሐወሉን ልብስ፣ ፎጣ ወይም ምንጣፍ ሥር አትደብቁ፤ አየር ይፈልጋል። ገመዱ ተልጦ መዳቡ ከታየ አትንኩት፣ ለማዳም አሳዩ፤ ብትችሉ በሞባይላችሁ ፎቶ አንሱት።

9. «አልችልም» ማለትም ሙያ ነው

ከመካከላችን አንዲት እህት፣ የምትሠራበት ቤት ስሙን ተዉት፣ ዕቃ እያጠበች ሳለ የጣሪያ መብራት እንድትቀይር ታዘዘች። እጇን እንኳን በደንብ ሳታደርቅ መሰላል ላይ ወጣች። ያዛት፣ ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። እግዜር ይመስገን ተርፋለች። ያቺ እህት ሰነፍ አልነበረችም፣ ፈሪም አልነበረችም። ያጣችው ነገር «ይኼ 220 ነው፣ ይኼን አልነካም» የምትልበትን ዕውቀት ነው። ትእዛዝን በደፈናው እምቢ ስንል ጥጋብ ይመስላል። ምክንያቱን ስንናገር ግን ብዙ ሰው ይሰማል።

ስለዚህ ይቺን አጥኑ፦ «ማዳም፣ ሃዳ ካህረባ ሚተይን ወ ዒሽሪን፣ ኸጠር፣ ላዚም ካህረባኢ።» ማለትም «ይኼ 220 ነው፣ አደጋ አለው፣ ባለሙያ ያስፈልጋል»። በለሆሳስ፣ በአክብሮት፣ ግን ሳትንተባተቡ በሏት።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪ ሠራተኛውን ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ እንዳያሰማራ ይከለክል ነበር። ያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2024 በአዲስ ተተክቷል፤ የሠራተኛን ጤናና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ግን ከአሠሪው ላይ አልወረደም።

ሰው ኮረንቲ ቢይዘው በእጃችሁ አትንኩት፤ እናንተንም ይይዛችኋል። መጀመሪያ ጠብሎኑን አጥፉ ወይም ስፒናውን ንቀሉ። ካልተቻለ ደረቅ መሬት ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ከሽቦው አላቁት። አምቡላንስ 997፣ እሳት አደጋ 998፣ ሪያድ ውስጥ ደግሞ 911 ይሠራል። ኮረንቲ የያዘው እሳት ላይ ውኃ አትድፉ።

10. ለነገ ምን ይጠቅመናል?

ብዙዎቻችን ከምንልከው ገንዘብ እናቶቻችን መጀመሪያ ከሚገዙት ዕቃ አንዱ ቡፌ ነው። ባለ መስታወት፣ ውስጡ መብራት ያለው። እዚያ የሚገባው ሽቦ በማን እንደተሠራ፣ ማጥፊያው የቱን እንደሚቆርጥ፣ ሙሐወሉ የት እንደተደበቀ የሚጠይቅ የለም። የቤቱ ሕፃናት ደግሞ እጃቸውን የማይሰዱበት ቦታ የለም። አሁን ግን እናንተ ደውላችሁ «ሙሐወሉ ከኋላ አየር ያገኛል? ስንት ቮልት ይላል? ስታጸዱ ትነቅሉታላችሁ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ለመግባት ያሰበች እህትም ካለች፣ በየክልሉ ያሉት የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የኤሌክትሪክ ሥራ ያስተምራሉ፤ ተፈትኖም ሲኦሲ መውሰድ ይቻላል። «የወንድ ሥራ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። ሽቦው የያዘውን እጅ የወንድ ይሁን የሴት አይለይም።

መልመጃ

1. 3 ሜትር ሪባን፣ በሜትር 4.8 ዋት፣ በ12 ቮልት የሚሠራ አለ። ስንት አምፔር ሙሐወል እንግዛ?
2. በ12 ቮልት በኩል ያለው ማጥፊያ ሲጠፋ ሙሐወሉ ላይ ኮረንቲ አለ ወይስ የለም?
3. ሱቅ ውስጥ 12 ቮልት ሙሐወል ጠፍቶ 24 ቮልት ቢኖር ለ12 ቮልቱ ሪባን ይሆናል?
4. ማዳም የግድግዳውን ማጥፊያ ፈትተሽ ቀይሪ ብትላችሁ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ (1) 14.4 ዋት ለ12 ሲካፈል 1.2 አምፔር፣ ሩብ ሲጨመር 1.5፤ ስለዚህ 2 አምፔር እንገዛለን። (2) አለ። ስናጸዳ ከግድግዳው የምንነቅለው ለዚህ ነው። (3) አይሆንም፣ ሪባኑ ይቃጠላል። (4) ከድንበሩ ወዲያ ነው። «ላዚም ካህረባኢ»።

ጣውላውና ሙሐወሉ እኛ ቤት ተቀምጠዋል። መለማመድ የምትፈልግ እህት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትምጣ፤ እጃችሁን አድርቃችሁ ብቻ ኑ።

ሰላም ሁኑ።
እህታችሁ፣ ከመንፉሐ